የመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ታክሲው ሰልፍ ይውረድ

በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ርእስ የሚመረጥበት ወቅት ሲደርስ ትራንስፖርት ከሚደጋገሙት ርእሶች አንዱ ነው። የሲቪል ምህንድስናው፣ የከተማ ፕላኑ፣ የጂኦግራፊው፣ የሥራ አመራሩ ተማሪ ሁሉ ይጽፍበታል። አያስደንቅም፤ ወጣቱ በየማለዳው የሚጋፈጠው ችግር ነው። በየቀኑ የሚኖርበት ችግር ግን ወረቀት ላይ ሲሰፍር ከእሱ ይርቃል። «የትራንስፖርት አገልግሎት አሰጣጥ ግምገማ» የሚል ርእስ ይመረጥና የአንድ ክፍለ ከተማ ስም ይታከልበታል። ከ«በጣም እስማማለሁ» ጀምሮ «በጣም አልስማማም» ላይ የሚያበቃ መጠይቅ ለጥቂት መቶ ሰዎች ይታደላል። መልሱ በኮምፒውተር ተሰልቶ ሠንጠረዥ ይሆናል። በመጨረሻም አውቶቡስ ይጨመር፣ መንገድ ይስፋ፣ ማሳለጫ ይሠራ የሚል ምክረ ሐሳብ ይቀርባል።

ተሳፋሪው በአገልግሎቱ እንዳልረካ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። መታወቅ ያለበት ስንት ደቂቃ ቆሞ እንደጠበቀ፣ በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደከፈለ፣ ከፌርማታ እስከ ቤቱ ስንት ሜትር በእግሩ እንደሄደ፣ ማን ደግሞ ሰልፉን አይቶ ከነጭራሹ ከቤት መውጣት እንደተወ ነው።

ይህን የምለው ተማሪውን ለመውቀስ አይደለም። ያለው ጊዜ አንድ ሴሚስተር፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ገንዘብ የለውም። አርአያ አድርጎ የሚያየው ከእሱ በፊት የተመረቀው ልጅ የጻፈውን ነው። ሆኖም ጊዜና ገንዘብ የሌለው ተመራማሪ ሊሠራው የሚችል አንድ ትልቅ ሥራ አለ፤ እሱም መለካት ነው። ስለ አዲስ አበባ ትራንስፖርት አስተያየት ያልሰጠ የለም። ሰዓት ይዞ፣ ሜትር ይዞ መንገድ ዳር የሚቆም ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጊዜውም አሁን ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ሌሎች ዋና ዋና ጎዳናዎችን አፍርሶ መገንባት ጀመረ። በተሠሩት መስመሮች የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ የብስክሌት መስመር ተዘረጋ፣ መብራት ተተከለ፤ በመንገዱ ዳር ይኖሩና ይነግዱ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ደግሞ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንሥቶ፣ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ በቴሌብር በኩል እንዲደርስ ተደርጓል። ሦስቱም ውሳኔዎች የሰውን የዕለት ተዕለት ጉዞ በቀጥታ ይነካሉ። ጠቀሙ ወይስ ጎዱ፣ ማንን ጠቀሙ፣ ማንን ጎዱ ለማለት ከለውጡ በፊትና ከለውጡ በኋላ የተወሰደ ልኬት ያስፈልጋል። ለተገነቡት ጎዳናዎች የ«በፊቱ» ልኬት ዕድል አልፏል። ገና ቁፋሮ ያልደረሰባቸው ጎዳናዎች ግን አሉ። እነሱን ዘንድሮ ያልለካ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ሊለካቸው አይችልም።

ከእግረኛው እንነሣ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ያወጣችው ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንደሚለው በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ናቸው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም እጅግ የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ይህ ሆኖ ሳለ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆጠራ ሲደረግ የሚቆጠረው መኪና ነው። በአንድ ቀይ መብራት የቆሙት መኪኖች ስንት ሰው እንደያዙ፣ በዚያው ደቂቃ ዜብራው ላይ ስንት ሰው እንደተሻገረ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ጥናት ለከተማዋ የመብራት አሠራር ከብዙ ገጽ ንድፈ ሐሳብ የበለጠ ይጠቅማል። ሥራው የሚጠይቀው ሁለት ተማሪ፣ አንድ ደብተርና አንድ ማለዳ ነው።

ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ቀላል ባቡሩ በዚያ መስመር መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤ ሐዲዱ ግራና ቀኝ ታጥሯል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከወዲህ ማዶ ካለው ቤቷ ወዲያ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ለመሄድ መሻገሪያ ፍለጋ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ አለባት። ተማሪው ሁለቱን ነጥቦች ይምረጥ፤ ቀጥታ ርቀታቸውንና በእግር የሚኬደውን ርቀት ይለካ፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍል። ቀጥታው 60 ሜትር፣ የሚኬደው 600 ሜትር ከሆነ ውጤቱ 10 ነው። መስመሩን ሙሉ በየ200 ሜትሩ ይህን ቢያደርግ የመንገዱን ክፍፍል በካርታ ላይ ያሳያል፤ መሻገሪያ የት ቢጨመር ስንት ሰው ከስንት ሜትር እንደሚገላገል ይነግረናል። በዚያው ላይ አጥር የሚዘሉትን ይቁጠር። አጥር የሚዘል ሰው ሥርዓት የጎደለው ተደርጎ ይታያል፤ ቁጥሩ ከዙሩ ርቀት ጋር አብሮ ከጨመረ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሌላ ነገር እንሰማለን።

አሁን ወደ ሰልፉ እንሂድ፤ ትልቁ ሀብት ያለው እዚያ ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ለየካ አባዶ፣ ለሰሚት፣ ለአያት የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው «ታክሲ አነሰ» ይላል። ምክረ ሐሳቡም ከዚያው ይወጣል፤ ታክሲ ይጨመር። ግን እውነት ታክሲ አንሶ ነው? ሰልፉ ላይ 120 ሰው አለ እንበል። ተማሪው ተራ አስከባሪው አጠገብ ቆሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጫኑትን ሚኒባሶች ይቆጥራል። ሃያ ሆኑ፤ እያንዳንዱ 12 ሰው ጫነ። በሰዓት 240 ሰው ወይም በደቂቃ 4 ሰው ማለት ነው። ሰልፉ መጨረሻ ላይ አሁን የደረሰችው ልጅ 30 ደቂቃ ትቆማለች። እዚህ ድረስ ቀላል የሂሳብ ሥራ ነው። ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው፦ የሰሌዳዎቹን የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ብቻ እየመዘገበ አንድ ሚኒባስ ከመገናኛ ወጥቶ መልሶ መገናኛ ተራ ለመያዝ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ያወጣል። ይህንኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደግማል። የምሽቱ ምልልስ የቀኑን እጥፍ የሚወስድ ከሆነ በመስመሩ ላይ ያሉት አርባ ታክሲዎች ምሽት ላይ የሚሠሩት የሃያ ያህል ነው። ያኔ ጥያቄው ይለወጣል። የጎደለው ታክሲ ሳይሆን ታክሲው የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ የተለየ መስመር አንድም ተሽከርካሪ ሳይገዛ ሰልፉን ሊያሳጥረው ይችላል። ምልልሱ ካልረዘመ ደግሞ ታክሲዎቹ ሌላ ቦታ ሄደዋል ማለት ነው፤ ወዴትና ለምን የሚለው ይጠናል።

ለምን የሚለው ከማቆራረጥ ጋር ይገናኛል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የአንዱ መስመር ታክሲ መንገዱን ለሁለት ቆርጦ ሁለት ሂሳብ እንደሚያስከፍል የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ተሳፋሪው ረዳቱን ይሰድባል፤ ደንብ አስከባሪው ይቀጣል፤ በማግስቱ ያው ይደገማል። ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባው ከሹፌሩ ወገን ያለውን ሂሳብ ነው። ብዙው ሹፌር መኪናው የራሱ አይደለም፤ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጁን ይሞላል፣ ረዳቱን ይከፍላል፣ የቀረው የእሱ ነው። በተጨናነቀ ሰዓት ሙሉውን መስመር በአንድ ታሪፍ መሄድና ለሁለት ቆርጦ መሄድ በደቂቃ ስንት ብር ልዩነት አለው? ይህ ልዩነት ከቅጣቱ ከበለጠ ቅጣት ብቻውን አይሠራም፤ ታሪፉ ከርቀት በተጨማሪ ሰዓትን እንዲያይ፣ ወይም ሹፌሩ በቀን ገቢ መሥራቱ ቀርቶ ደመወዝተኛ እንዲሆን ማሰብ ግድ ይሆናል። ይህን የሚያጠና ልጅ ሹፌርና ረዳት አጠገብ ተቀምጦ ሙሉ ቀን መዋል አለበት። የተሳፋሪውም ወጪ በዚያው ይመዘገብ፤ ጠዋት ያልተቆራረጠው መንገድ ማታ ስንት እንዳስከፈለው፣ በወር ከደመወዙ ምን ያህሉ እንደሆነ።

ሌላው የተዘነጋው የሴቶች ጉዞ ነው። ስፔናዊቷ የከተማ ፕላን ምሁር ኢኔስ ሳንቼዝ ዴ ማዳሪያጋ ቤተሰብን ለመንከባከብ የሚደረገው ጉዞ በመረጃ ላይ ራሱን ችሎ እንዲታይ ለዓመታት ተከራክራለች። በተለመደው መጠይቅ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ በአንድ ረድፍ፣ ገበያ በሌላ፣ የታመመ ዘመድ መጠየቅ በሦስተኛው ይበታተንና የሥራ ጉዞ ብቻ ትልቅ መስሎ ይታያል። የኛ ከተማ ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገባች እናት ዕድሯ የቀድሞ ሰፈሯ ነው፤ እህል የምትሸምተው መርካቶ ነው፤ ልጇ ያለበት ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ ነው። በአንድ ቀን አራት ቦታ ስትደርስ አራቱም መስመሮች በየራሳቸው ሰልፍና በየራሳቸው ታሪፍ ናቸው። ዘንቢልና ማዳበሪያ ስትይዝ ረዳቱ ለዕቃው ተጨማሪ ይጠይቃታል ወይም አይጭናትም። «ሥራህ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» የሚል መጠይቅ ይቺን ሴት አያገኛትም። የሚያገኛት የአንድ ሳምንት የጉዞ ማስታወሻ ነው፤ መጻፍ ለማትችለውም ማታ ማታ በስልክ ደውሎ «ዛሬ የት የት ዋሉ እናቴ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሠላሳ ቤተሰብ በዚህ መንገድ የያዘ ጥናት አራት መቶ መጠይቅ ከበተነው የተሻለ ያስተምረናል ብዬ አምናለሁ። ለጠያቂነት ሴት ተማሪዎች ቢቀድሙ ደግሞ ለሌሎች የማይነገረውን፣ ለምሳሌ በግፊያ ውስጥ የሚደርሰውን ትንኮሳ፣ ይሰማሉ።

ስለ ባቡሩ በአጭሩ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይሄድ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ተማሪዎች ስለ ተሳፋሪው ብዛትና ስለ እርካታው ጽፈዋል። የጥገናው ጉዳይ፣ የውጭ ምንዛሪው፣ ቲኬቱ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው ወጪ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ነገ የሚገዙት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ያንኑ መንገድ ሊከተሉ ይችላሉ። የምጣኔ ሀብት ተማሪ ከመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ጋር ተጣምሮ የሚሠራው ርእስ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናን በተመለከተ ወሬው ብዙ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ገና አልተነጣጠሉም። አገሪቱ የምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ ስለዚህ ነዳጅን በኤሌክትሪክ መተካት እዚህ አገር ጭሱን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ለነዳጅ የሚወጣውን ዶላርም ያድናል። መንገዱ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው። አንድ ሰው የያዘች የኤሌክትሪክ መኪና መገናኛ አደባባይ ላይ የምትዘጋው ልክ ቤንዚኗ የምትዘጋውን ያህል ነው። አሮጌ ሚኒባስ 12 ሰው ጭኖ ሲሄድ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ነዳጅና የመንገድ ስፋት ስንት ነው? ያው ሚኒባስ በኤሌክትሪክ ቢሠራስ፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ የት ቆሞስ ይሞላል? አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የኮንዶሚኒየም ነዋሪ መኪናውን ከማን ቆጣሪ ይሞላል፣ ሂሳቡንስ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት ይለያል? እነዚህ ሁሉ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ተራ ሊጠኑ የሚችሉ ናቸው። ቅድሚያ ለማን ይሰጥ የሚለው ክርክር በስሜት እንዳይሆን መረጃው ከዚህ ይመጣል። የእኔ ግምት ቅድሚያው ለሚኒባሱና ለአውቶቡሱ መሆን አለበት ነው፤ ቁጥሩ ሌላ ካሳየኝ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

ለብስክሌትም እንዲሁ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆኑ ብስክሌት ድሮም የሰው መጓጓዣ ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ትወርዳለች፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «እዚህ አይሆንም» ይላል። ዳገቱ ግን በዋናነት ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ፣ በተለይም በደቡቡ የከተማዋ ክፍል፣ ረጅም ለጥ ያሉ መንገዶች አሉ። አዲሶቹን የብስክሌት መስመሮች ከዳገቱ ካርታ ጋር አስተያይቶ የትኛው እንደሚነዳበት፣ የትኛው ባዶውን እንደሚውል መቁጠር ለአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚመጥን ሥራ ነው።

በትንሽ አቅም የተሠራ ጥናት ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ለሚጠራጠር ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። የከተማ ፕላን ምሁሩ ዶናልድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በመልክ የሚመሳሰሉ ሦስት የመኖሪያ ጎዳናዎችን መረጠ። በአንዱ በቀን ወደ 2,000፣ በሌላው ወደ 8,000፣ በሦስተኛው ወደ 16,000 መኪና ያልፋል። የነዋሪዎቹን በር እያንኳኳ ማን ጓደኛቸው እንደሆነ፣ «ሰፈሬ» የሚሉት ከየት እስከ የት እንደሆነ አስጠየቀ። መኪና በማይበዛበት ጎዳና አንድ ነዋሪ በአማካይ ሦስት ጓደኞች በጎዳናው ነበሩት፤ መኪና በሚበዛበት አንድም አይሞሉም። ያ ጥናት እስከ ዛሬ የከተማ ፕላን ተማሪዎች ይማሩበታል። የኮሪደር ልማቱ የደረሰበትንና ያልደረሰበትን መንገድ በዚሁ ዘዴ ማነጻጸር ይቻላል። ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች አሁንም አሉ ወይ? ልጆች ደጅ ይጫወታሉ? የጉሊቷ ሴትዮ የት ሄደች፣ ደንበኞቿስ ሽንኩርት ለመግዛት አሁን ስንት ሜትር ይሄዳሉ?

ሁለተኛው ቅርባችን ነው። ናይሮቢ ውስጥ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች የከተማዋን ሕዝብ ሲያመላልሱ የኖሩት ያለ ካርታ ነበር። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በተሠራ ፕሮጀክት ስልካቸውን ይዘው ማታቱ እየተሳፈሩ መስመሩንና ፌርማታውን መዘገቡ። ከ130 በላይ መስመሮች የያዘው ካርታ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፤ መረጃውም ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ በኋላ ጉግል ካርታ ላይ ገባ። መሣሪያው ዛሬ እያንዳንዱ ተማሪያችን ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ነበር። የኛ ታክሲ መስመር በታፔላ ይታወቃል፤ ትክክለኛው አካሄድ፣ ሰው የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ቦታ፣ ታፔላው ሳይቀየር መንገዱ የሚቆረጥበት ሰዓት ግን በሹፌሩና በረዳቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የአንድ ክፍል ተማሪዎች መስመሮቹን ተከፋፍለው ቢሳፈሩ በአንድ ሴሚስተር ያወጡታል።

እዚህ ላይ ነው የዩኒቨርሲቲዎቻችን አሠራር የሚያሳዝነኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ የግል ፈተና ሆኖ ቀርቷል፤ ተማሪው ይሟገትበታል፣ ውጤት ያገኛል፣ ይጠረዛል። ጽሑፉ በድረ ገጽ ላይ ቢቀመጥም የቆጠረበት ደብተርና ጥሬ ቁጥሩ ከእሱ ጋር ይሄዳል። ቀጣዩ ተማሪ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ዘዴ ይጀምራል። በዚህ ዓይነት አሥር ዓመት ብንጽፍ የመገናኛ ሰልፍ ረዘመ ወይስ አጠረ ብሎ የሚመልስ አይኖርም። አማካሪ መምህራንም «ርእሱ አዲስ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ቆጠራ በዚያው ቦታ መድገም እንደ ጉድለት ይታያል። በትራንስፖርት ጥናት መድገም ራሱ ዋጋ አለው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የሰው ጉዞ መከታተል የሰውን ሕይወት መከታተል ነው። የሰዎችን ፊት ማንሣት አይገባም፤ የሰሌዳ ሙሉ ቁጥር መያዝ አያስፈልግም፤ የእናቶቹ የጉዞ ማስታወሻ ያለ ስምና ያለ ቤት ቁጥር ይቀመጥ። ምሽት ላይ ቆጠራ የሚወጡ ተማሪዎችም ሁለት ሁለት ሆነው፣ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ይዘው ይውጡ።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት የከተማ ፕላንና የትራንስፖርት ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ተነጋግረው አሥር ቦታ ይምረጡ፤ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ መርካቶ፣ አያት፣ ጀሞ፣ ኮዬ ፈጬ አይቅሩ። በየዓመቱ አንድ ሳምንት በጥቅምት፣ አንድ ሳምንት በሐምሌ ዝናብ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ ሰልፉን፣ ምልልሱን፣ ተሻጋሪውን ይቁጠሩ። ጥሬ ቁጥሩን ለማንም ክፍት አድርገው ያስቀምጡ። የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ደግሞ ቁጥሩን ተቀብሎ በየዓመቱ ምን እንዳደረገበት ለተማሪዎቹ መልስ ይስጥ። ዘንድሮ ርእስ የምትመርጡ ተማሪዎች፣ መምህራኑ እስኪስማሙ አትጠብቁ፤ ከምትሳፈሩበት ተራ ጀምሩ።